የቱንቢ ሰያፍ ሽቦ

የባሌ ሥራ ካማረ አይታይም። ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ከዚያ ከቴሌቪዥኑ የሚንዘላዘሉትን ገመዶች፣ የመብራቱንም የዲኮደሩንም የድምፅ ማጉያውንም፣ ግድግዳ ውስጥ ይቀብራቸዋል። ልስኑን በመሮ ሰርስሮ የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባል፣ በቱቦው ሽቦ ያሳልፋል፣ ይለስነዋል፣ በስቱኮ ያለሰልሰዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ግድግዳው ከተሠራ ጀምሮ ማንም ያልነካው ይመስላል። ባለቤቱ ገብቶ "እንዴ፣ ሽቦው የታለ?" ካለ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ለፍቶ "ምንም አይታይም" ሲባል እንዴት ደስ እንደሚለው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የኔን ሙያ መመርመር የፈለገ ሰው ቀሚሱን ገልብጦ ስፌቱን ያያል፤ ጥሩም ከሆነ መጥፎም ከሆነ እዚያው ፊት ለፊቴ ይነግረኛል። ግድግዳ ግን አይገለበጥም። ይኼ ነገር ከድሮም ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ባሌን ሰፈሩም ደንበኛውም ቱንቢ ነው የሚለው። ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት አለ አይደል፣ እሱ ነው ቱንቢ። ባሌ ይህን ብረት ከኪሱ ለይቶት አያውቅም፤ ሱሪውን ሳጥብ ስንት ጊዜ እግሬ ላይ እንደወደቀ እኔ ነኝ የማውቀው። በእሱ ሕግ ሽቦ ከሶኬት ከተነሣ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ሰያፍ መሄድ ነውር ነው። ለምን ብሎ የጠየቀው ባይኖርም ማንኪያና ሹካ ገበታ ላይ ደርድሮ ለእንግዳ ያስረዳል።

"ነገ አንድ ሰው ሥዕል ሊሰቅል ይመጣል እንበል" ይላል። "ሶኬቱን ያያል። ከሶኬቱ በላይና ከሶኬቱ ጎን አይበሳም። ሌላውን ቦታ ግን አምኖ ይበሳል። እኔ ቱቦ ለመቆጠብ ብዬ በሰያፍ ብወስደው ያ ምስኪን ምን ያውቃል?"

እንግዳው ምግቡ እየቀዘቀዘበት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በእንቅልፌም ቢሆን ቃል በቃል ልወጣው እችላለሁ።

ሌላም ልማድ አለው። ከመለሰኑ በፊት ግድግዳውን ወረቀት ላይ ይሥላል፤ ሽቦው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በሴንቲሜትር ይጽፋል፣ ቀኑን ያሰፍራል፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ሶኬቱ ሳጥን ውስጥ ከጀርባ ይሸጉጠዋል። "ሽቦውን የቀበረው ሰው ቢሞት ሽቦው አብሮት አይሞትም" ነው የሚለው። ማንም የማያነበው ደብዳቤ ይጽፋል እያልኩ ስቄበታለሁ።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ ለሰው ግድግዳ እንዲህ የሚጨነቀው ሰው፣ በገዛ ቤቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽቦ አንጠልጥሎ ኖረ። ሁለት ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ድሮ ነጭ የነበረ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ወርደው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ወለሉ ላይ ይጠማዘዛሉ። ክር በወደቀ ቁጥር እነሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ጨርቅ በዘረጋሁ ቁጥር ይይዙብኛል። "ሠርተህ ስጠኝ" ስለው "በሚቀጥለው ሳምንት" ነው መልሱ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ እኔ ሸክላ ሠሪዋን አግብቼ በገሉ የምበላ ሰው ሆንኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት! በዐሥራ አንድ ዓመት ሰው ልጅ አሳድጎ ትምህርት ቤት ያስጨርሳል።

መጨረሻ ላይ የቀሰቀሰኝ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። ቤቷ አቧራ እንኳን አስፈቅዶ የሚገባበት ቤት ነው። ዓምና መጥታ ሽቦዎቹን በእግሯ ጫፍ ገፋ አደረገችና "ለመሆኑ ባልሽ ሥራው ምን ነበር?" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን ዓመቱን ሙሉ አልሳቀም። ዘንድሮ ቅዳሜ እመጣለሁ ስትል ለባሌ ሰኞ ነገርኩት፣ ማክሰኞ ነገርኩት፣ ረቡዕም ነገርኩት። ሐሙስ ጠዋት መሣሪያውን ተሸክሞ ሲወጣ "የኛን ዛሬ ነው የምትሠራው" አልኩት፤ "እሺ፣ እንዳመቸኝ" አለኝ።

"እንዳመቸኝ" የምትለዋን ቃል የፈጠረ ሰው ቢገኝ ከሱ ጋር የምነጋገረው ነገር አለኝ።

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ደወልኩ። "ሰው ቤት ነኝ፣ ግማሽ ላይ ነኝ" አለኝ። ደግሜ ደወልኩ። ሰባት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሰባተኛው ላይ ደሜ ፈልቶ የጨርቅ መቀሴን ይዤ ነበር።

"አሁን ካልመጣህ ሽቦህን በመቀስ ነው የምቆርጠው! አራቱንም!"

"ቆጣሪውን ሳታጠፊ? አንቺ ሰው፣ እንዳትነኪው!"

"እነካዋለሁ!"

"መጣሁ። በፈጠረሽ እንዳትነኪው፣ መጣሁ።"

ከምሬ አልነበረም። ወይም ትንሽ ከምሬ ነበር፤ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እሱ ግን ያውቀኛል፤ ስናደድ እጄ ከአፌ እንደሚቀድም ያውቃል። ዐሥር ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደኔ ፊት ሳይሆን ወደ እጄ ነበር። መቀሱን ተቀበለኝና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው፤ መሮውን አውጥቶ ሥራውን ጀመረ። እስኪመሽ ሰርስሮ፣ ቀብሮ፣ ለስኖ ጨረሰው። በማግሥቱ ቀለሙን ቀባ፣ ቴሌቪዥኑን ሰቀለ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ቆመና አየኝ። ከመደርደሪያው እስከ ጣሪያው አንዲት ሽቦ አትታይም። ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ነገር ፊቴ ቆሟል።

እኔም "ቴሌቪዥኑ ትንሽ ከፍ አላለም?" አልኩት።

እህቴ ቅዳሜ መጣች፣ ተቀመጠች፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ሁለት ሰዓት አወራች፣ ሄደች። ግድግዳውን ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

አራት ወር አለፈ። አንድ ረቡዕ ባሌ ከሥራ ቶሎ ተመለሰ፤ መሣሪያውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። አርባ ቤት ባለው አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ሃያ ሁለቱን ጨርሷል፣ ዐሥራ ስምንቱ ቀርተውታል። በዚያ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ አንዲት ሴትዮ ቤት አናጢ መደርደሪያ ሊያቆም ግድግዳ ሲበሳ ድሪሉ ሽቦ ነክቶ ኤሌክትሪክ ወርውሮ ጣለው። እጁን ወደ ኋላ ተደግፎ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አንጓው ተሰበረ። የዚያ ቤት ሽቦ የባሌ ሥራ ነው። የሕንፃው አስተዳዳሪ "ነገሩ እስኪጣራ አቁም" ብሎታል።

"አንተ ምን አልካቸው?"

"ሰኞ ስብሰባ አለ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።"

"ምኑን ነው የምትነግራቸው? አናጢው ተሳስቶ በስቶ አንተ ሰኞ ድረስ ወንጀለኛ ትሆናለህ?"

"ተይው። ሰኞ እኔ ራሴ እጨርሰዋለሁ። አንቺ አትግቢበት።"

ሐሙስ ዝም፣ ዓርብ ዝም። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የኔን ባል አይቶ አያውቅም፤ የሱ ዝምታ ቤቱን ሙሉ ያነቅዛል። እኔ የምሰፋውን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ዓርብ ዕለት አንዲት ደንበኛዬ ልኬት እየወሰድኩላት "ቱንቢ ሰው ሊገድል ነበር አሉ፣ እውነት ነው?" ስትለኝ ሜትሩን ወገቧ ላይ እንዳለ ትቼው ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን አንድ ሰው ስለሥራው አላወራም። አሁን አፍ ያለው ሁሉ ያወራል።

ቅዳሜ ጠዋት እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ሕንፃው ሄድኩ። አስተዳዳሪው ቢሮው ውስጥ ቁልፍ እየቆጠረ ነበር። "ይቀመጡ" ሳይለኝ ተቀመጥኩ።

"እርስዎ ነዎት ባሌን ሥራ ያስቆሙት?"

"እህቴ፣ ሰኞ በስብሰባ ይታያል..."

"ሰኞ ምን ይታያል? የባሌ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው፣ ወረቀት ላይ አይደለም! አናጢው አላየሁም ይላል፣ ሴትዮዋ አላውቅም ትላለች፣ እርስዎ ደግሞ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ያደርጋሉ። ባሌን ሰው ቱንቢ የሚለው ለጌጥ መሰለዎት? ይከፈት! ግድግዳው ይከፈት!"

ጩኸቴን ሰምቶ ዘበኛው በበሩ ብቅ አለ። አስተዳዳሪው ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ ስልኩን አነሣ፤ ሴትዮዋን ጠየቀ፣ ከዚያ ባሌን ጠራው። አናጢውም ዕቃውን ሊወስድ እዚያው መጥቶ ስለነበር ሦስታችንም አምስተኛ ፎቅ ወጣን።

አናጢው በደህናው ጊዜ ከባሌ ጋር ብዙ ቤት የሠራ ሰው ነው። ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳየው ትንሽ አፈርኩ፤ ግን ማፈሬንም በቁጣ ዋጥኩት። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ "ጫማችሁን ጥረጉ" አለችን። ግድግዳዋ እውነትም ያምራል፤ ቴሌቪዥኑ መሐል ላይ፣ ሶኬቱ ዝቅ ብሎ በመስኮቱ በኩል። በሁለቱ መሐል አናጢው የበሳው ቀዳዳ ጥቁር ጥላሸት ከቦታል።

ባሌ ደረሰ። እዚያ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ንዴት መሰለኝ።

"መስበር አያስፈልግም" አለ። "ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት አለ፣ እሱን አውጥቼ..."

"ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ፣ የሚያወጡትም እርስዎ" አለች ሴትዮዋ። "ይሄ ደግሞ ማስረጃ ነው?"

"ልክ ብለዋል!" አልኩ። ከሴትዮዋ ጋር የተስማማሁት በዚያ ብቻ ነው። "ወረቀት አይበቃም። ስበረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይኸው ጠርቶ ይዩት!"

"እኔ የምለውን ስሚኝማ..."

"ስበረው አልኩህ! ለምን ትፈራለህ?"

ባሌ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፣ ተንበረከከ፣ መሮውን ከሶኬቱ በላይ ደግኖ መታ። ሁላችንም የምንጠብቀው ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ለማየት ነበር። ልስኑ ረገፈ፤ ከሶኬቱ በላይ ብሎኬት ብቻ ነው። ከዚያ መሮውን ወደ ቀዳዳው አቅጣጫ አዞረ። የት እንዳለ ያውቀዋል፤ እጁ አልፈለገም። ሦስቴ ሲመታ ቱቦው ወጣ። ከሶኬቱ ተነሥቶ፣ በቀዳዳው በኩል አልፎ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ በሰያፍ ይሄዳል።

እኔ ቱቦውን አየዋለሁ፣ አየዋለሁ። የሌላ ሰው ሥራ ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር።

"ጋሼ" አለ አናጢው ቀስ ብሎ። "እኔኮ ሶኬቱን ከፍቼ ወረቀቱን ማየት ነበረብኝ። ግን ይሄ የቱንቢ ግድግዳ ነው፣ ሽቦው ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው ብዬ ነው አምኜ የበሳሁት።"

ባሌ "አውቃለሁ" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሰኞ ልናገር ነበር።"

አስተዳዳሪው ግን ወረቀቱንም ማየት ፈለገ። ሶኬቱ ተፈታ፣ ላስቲኩ ወጣ፤ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው።

"ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከቤት አጣዳፊ ስልክ ተደውሎልኝ ሰያፍ ሄጃለሁ። ተመልሼ አቀናዋለሁ። እስከዚያ ከመስኮቱ በኩል አትብሱ።" ቀኑንም አነበበው።

ቀኑን አውቀዋለሁ። እህቴ የመጣችው በሁለተኛው ቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ መቀስ ይዤ ቆሜ ነበር።

"ተመልሼ አቀናዋለሁ ይላል፤ ታዲያ ለምን አልተመለሱም?" አለ አስተዳዳሪው።

"በሳምንቱ መጥቼ ነበር። ሽቦው ልክ አይደለም፣ ልክፈተው ብዬ ጠየቅሁ።"

ሴትዮዋ ወደ ወለሉ አየች። "ቀለም ተቀብቶ ነበር እኮ" አለች። "ምንም አይታይም ነበር፤ ያምር ነበር። ይተዉት አልኳቸው።"

"እኔም ተውኩት" አለ ባሌ። "መተው አልነበረብኝም።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ያስሮጠው ማን እንደሆነ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከኔና ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። "አጣዳፊ ስልክ" ሲሉት ሰው የታመመ መስሏቸው ይሆናል። ባሌ ማን ደወለ፣ ስለ ምን ደወለ፣ አልተናገረም። እኔም፣ ይኸው ዛሬ በድፍረት እጽፈዋለሁ፣ ያን ሁሉ ጩኸት ይዤ የገባሁት ሰው፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አፌ ማምለጥ በሚገባው ሰዓት ደግሞ ተቆልፎ ቀረ።

ዐሥራ ስምንቱ ቤቶች ለሌላ ሠራተኛ ተሰጡ። ባሌ የሴትዮዋን ግድግዳ በሁለት ቀን አቃንቶ አስረከበ። የአናጢው እጅ እስኪድን ጠዋት ጠዋት እየሄደ እንጨቱን ይሸከምለታል፣ ያጋዝለታል፤ እስከ አሁን ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ ቱንቢ የሚለው ስም አልጠፋም፤ አሁን ግን አንዳንዱ ሲጠራው ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ አለ። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሱሪያቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ ከልኩ በላይ አሳጥሬ እሰጣቸዋለሁ።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ድረስ ቻልኩት። ከዚያ አልቻልኩም።

"ለምን አልነገርከኝም? ሦስት ቀን ሙሉ! ሳላውቅ ስመሰክርብህ ዝም ትለኛለህ?"

"እንዳትገቢበት ብዬሽ ነበር።"

"እኔ ነኝ ያስቸኮልኩህ! ንገራቸው፣ ንገረኝ፣ ስደበኝ!"

"አንቺ ደወልሽ" አለ። "ሽቦውን ያጋደምኩት ግን እኔ ነኝ። ስልክ ሽቦ አያጋድምም።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሊቆጣኝ ሙሉ መብት ይዞ ሳይቆጣኝ ሲቀር የማደርገውን አላውቅም። በሴትዮዋ ልናደድ ሞከርኩ፣ በአስተዳዳሪው ሞከርኩ፣ በእህቴም ሞከርኩ፤ እህቴ ላይ ትንሽ ሠርቶልኛል። የቀረው ቁጣ ግን ወደ ባለቤቱ እየተመለሰ መጣ፤ የቁጣው ባለቤት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ባሌ እንጨት ሊሸከም አናጢው ዘንድ ሲሄድ ቤት ብቻዬን ቀረሁ። ቆጣሪውን አጠፋሁ፤ ይህን ሳላደርግ እንዳልነካ ተምሬያለሁ። የስፌት መኪናዬን ካቻቢቴ ይዤ ከቴሌቪዥኑ በታች ያለውን ሶኬት ፈታሁት። ከኋላው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። አስቀድሜ ገምቼዋለሁ፤ ለሰው ቤት የሚጽፍ ለገዛ ቤቱ አይተውም።

ሥዕሉ ላይ ሽቦው ከሶኬቱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ያው ሐሙስ ነው ቀኑ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ቀጥ ያለ ነው። በቱንቢ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። የቴሌቪዥኑን ከፍታ ስትሰፋ ቀና ሳትል እንድታየው ተቀምጬ ለክቼዋለሁ።"

ወንበሬን ሳብኩና መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። ቀና አላልኩም። ቴሌቪዥኑ ልክ በዓይኔ ትይዩ ነው።

ጨርቅ የማሰምርበትን እርሳስ አነሣሁና ከጽሑፉ ሥር "ከፍ አላለም" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን በላስቲኩ መልሼ ጠቅልዬ በቦታው ሸጎጥኩት፤ ሶኬቱንም እንደነበረ አጥብቄ ዘጋሁት።